በቃሬዛ የሚገባበት በር፦ ደሴ ላይ ቤታችንን ስላደሰው አናጢ

ደሴ ውስጥ የድሮ የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ ወይም የወላጆቻችሁን ቤት "አፍርሱትና ፎቅ ሥሩበት" እየተባላችሁ የምትጨነቁ ሰዎች፣ ይህን አንብቡልኝ። አምና ቤታችንን ስላደሰልን አናጢ ልነግራችሁ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አደባባይ ላይ አልጽፍም። እሱም አልፈለገም። ሰኞ ገበያ እንጨት የሚሸጥበት ጋ ሄዳችሁ የጭቃ ቤት የሚያድሰውን ሰውዬ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። እኔ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የምጠራውም እንደዚያ ነው።

ስለ ሥራው ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ያለዚያ አንድ የበር ስፋት እንዴት ይህን ያህል እንዳስደሰተኝ አይገባችሁም።

ቤቱ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከፊት ሁለት ክፍል አለው፣ ከኋላ ደግሞ አዳራሽ የሚመስል አንድ ረጅም ክፍል። ያሠሩት የእናቴ አክስት ናቸው። እማሆይ ነው የምንላቸው። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ሲሞቱባቸው መነኮሱ፣ የቀረላቸውን ብር ደግሞ "ለነፍሴ" ብለው የበሽተኛ ማረፊያ ሠሩበት። ይህ እንግዲህ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ከደላንታ፣ ከወግዲ፣ ከወረባቦ የታመመ ሰው ደሴ ሐኪም ቤት የሚመጣው በቃሬዛ ነበር። አራት ሰው ተሸክሞ፣ ሌላ አራት ሰው ከኋላ እየተከተለና እየተቀያየረ፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ፣ አንዳንዱም ቀናት ተጉዞ ነው ደሴ የሚገባው። ከገባ በኋላስ የት ይደር? ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ። የሌለው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም የመስጊድ አጥር ሥር። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው። ማታ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ጤነኛውንም ሰው ያንሰፈስፋል።

እማሆይ ይህን ሥራ ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ቀን ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን ነው። ጃንሆይም ያን ቀን ደሴ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሐኪም ቤት ሳይቀር ተመታ። እማሆይ ያኔ ወጣት ነበሩ። ቁስለኛ ሰው ሜዳ ላይ ሲያድር ማየታቸውን ለእናቴ ደጋግመው ነግረዋታል። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ደጅ ሲያድር ማየት አይችሉም ነበር።

በቤቱ የሚበላው ሁልጊዜ የጾም ነበር። ሽሮ፣ ክክ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ። እናቴ ልጅ ሆና ለምን ሥጋ እንደማይሠራ ስትጠይቃቸው "ልጄ፣ ሥጋ ከሠራን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሽሮ ግን የሁሉም ነው" አሏት። የወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይተኛል፣ ከአንድ ትሪ ይበላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነገር ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሚሲዮኖች እጅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ቦታ ነበር። ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች ደሴ ላይ ማደር ሲኖርባቸው ማንም አያስጠጋቸውም። ዘመድ እንኳ ይሸሽ ነበር። ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ያኔ ግን ስሙ ሲጠራ ሰው ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርግ ነበር። እማሆይ ከሌላው ሳይለዩ ያስተኟቸዋል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ከተማችን ውስጥ አለ አይደል? ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሰው ሳይለይ፣ ማንንም ሳይጠየፍ የሚያበላ ማለት ነው። የሰፈራችን ሰው ታዲያ የእማሆይን ቤት "ትንሿ አይጠየፍ" ይላት ነበር።

በ1965 እና በ66 ድርቁ ወሎን ሲመታ ቤቱ ከአቅሙ በላይ ሆነ። እናቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ነች። የምታስታውሰው ብዙ አይደለም። ሌሊት ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሣ የሰው እግር ላለመርገጥ ግድግዳውን እየዳበሰች ትሄድ እንደነበር፣ ይህን ብቻ። ሌላውን አትናገርም፣ እኛም አንጠይቃትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ቤት እንዴት የግል መኖሪያ ሆነ? ሰው ሁሉ የሚገምተው ወይ ተሸጦ ወይ ተነጥቆ ነው። እንደዚያ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 47 የሚባለው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኑረው፣ ትርፉ ለመንግሥት ይሁን የሚል ነው። እማሆይ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንዱ ከባላቸው የቀረ፣ መሃል ከተማ ያለ ጥሩ የድንጋይ ቤት፣ ራሳቸው የሚኖሩበት። ሌላው ይህ ማረፊያ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የድንጋዩን ያስቀራሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ሄደው "መኖሪያዬ ይሄኛው ነው" ብለው የማረፊያውን አስመዘገቡ። ጥሩው ቤት ለመንግሥት ሄደ። እሳቸው አልጋቸውንና መስቀላቸውን ይዘው ከበሽተኞቹ ጋር ገቡ። ማረፊያው እንዳይዘጋ ነው መኖሪያ ያደረጉት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

እያረጁ ሲሄዱ እናቴ ልትጦራቸው ገባች። እዚያው አባቴን አገባች፣ እኛም እዚያው ተወለድን። እማሆይ ሲያርፉ ቤቱ ለእናቴ ቀረ። በሽተኛ መቀበሉ ቀስ በቀስ ቆመ፤ መኪና መንገድ በዛ፣ ሰው በቀጠሮ መጥቶ በማታው መመለስ ጀመረ። አባቴ ረጅሙን ክፍል ሳሎን አደረገው፣ ግድግዳውን አስመረገው፣ ኮርኒስ አስመታው። የጭቃ መደቡን ግን አላፈረሰም፤ ፍራሽ ጣል ተደርጎበት መቀመጫ ሆነ። በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ከራያ ቆቦና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለ ሰው ደሴ ሲገባ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲሞላ፣ እናቴ ማንንም አላማከረችም። ፍራሹን ከመደቡ ላይ አንሥታ አራግፋ መልሳ አነጠፈችው። ጦርነቱ ደሴ ራሷ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያ ሳሎን እንደገና የእማሆይ ቤት ሆኖ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ግድግዳው ከሥሩ እየረገፈ ስለነበር አንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ አመጣን። ማንነቱን መናገር አልፈልግም። ቤቱን በግማሽ ሰዓት አይቶ ጨረሰ። ሲሚንቶ እንለስነዋለን፣ ዘመናዊ ይሆናል አለን። በሩንም ለማጥበብ አሰበ፤ የሱቅ የብረት በር እንዲገጥም። እናቴ በሩን እምቢ አለች እንጂ ልስኑን ተስማማን። ሥራው ሲያልቅ በጣም አምሮ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሁለት ክረምት አልቆየም። ልስኑ እየተላቀቀ እንደ ቅርፊት ወረደ፣ ከውስጥ ሻጋታ ሸተተ፣ ከማዕዘን ቋሚዎቹ አንዱ በጣት ሲነኩት ገባ።

ለምን እንደሆነ ኋላ ያስረዳን ጋሼ ነው። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይተፋል። ሲሚንቶ ስትደፍንበት የጠጣውን መትፋት አይችልም፤ ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ደግሞም ጭቃና ሲሚንቶ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ሌላ ውኃ ይገባል። ለብሎኬት ቤት ሲሚንቶ ጥሩ ነው። ለጭቃ ቤት ግን ልብስ ሳይሆን መግነዝ ነው፤ ይህን ቃል ከእሱ ነው የሰማሁት።

ጋሼ መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ሜትር እንኳ አላወጣም። ቤቱን ሁለቴ ዞረ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ከጦሳ በኩል ውኃው በየት እንደሚወርድ ጠየቀ። ከዚያ ቡና ቀረበለት፣ አቦሉን ጠጣና እናቴን "እትዬ፣ ይሄ ቤት ምን ነበር?" አላት። እናቴ መኖሪያ ቤት ነው አለችው። "አይ፣ ከዚያ በፊት። ይሄ በር የመኖሪያ ቤት በር አይደለም" አለ። ሜትሩን ያኔ አወጣና ለካው። 1 ሜትር ከ40። ባለ ሁለት መዝጊያ። "ይሄ ቃሬዛ ከነሸካሚው እንዲገባ የተሠራ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን፣ በሽተኛው ሳይዘነበል።"

ስንት ዓመት የኖርንበት ቤት ነው። ስንት ጊዜ በዚያ በር ገባን ወጣን። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያ ታሪኩን ሁሉ ነገረችው፣ ቶናውም በረካውም እስኪያልቅ። እሱም "እትዬ፣ ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነው። አሁን ቤቱን አወቅሁት፣ አብሽሪ" ብሎ ተነሣ።

ሥራው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ ሲሚንቶውን በሙሉ አራገፈ። ከጥድ የሆኑት የድሮ ቋሚዎች አብዛኞቹ ከላይ ደህና ናቸው፤ የበሰበሰው እግራቸው ብቻ ነው። አላወጣቸውም። የበሰበሰውን ቆርጦ ጥሎ ሥራቸው ጥርብ ድንጋይ አስገባላቸው፣ እንጨቱ ከእርጥብ መሬት ጋር እንዳይነካካ። ፈጽሞ የተበላሹትን ሁለት ቋሚዎች ብቻ በአዲስ ቀየረ። ማገሩ ድሮ የታሰረው በልጥ፣ በዛፍ ልጣጭ ነበር፤ ሚስማር የለበትም። የጠበቀውን ልጥ ሳይነካ ተወው። ረዳቱ ልጅ ሊበጥሰው ሲል "ተው፣ ይሄን ያሰረው ሰው እኔና አንተን ያስተምረናል" ሲለው ሰምቻለሁ።

ጭቃውን ለብቻው ልንገራችሁ። አፈሩን በጣቱ አሽቶ፣ በምራቁ አርሶ፣ በመዳፉ አድበልብሎ ነው የመረጠው። ከጓሮ የተቆፈረውን መለሰው፣ አሸዋ ይበዛዋል ብሎ። ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው በእግር ረገጡት፣ በላስቲክ ሸፍነው ሳምንት አስቀመጡት፣ በየቀኑ እየከፈቱ መልሰው ረገጡት። ሲደርስ ይሸታል። እህቴ አፍንጫዋን ይዛ ስትሸሽ እሱ ደስ ይለዋል፤ የሸተተ ጭቃ እንጨት አይለቅም ይላል። የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። እኔ ደነገጥኩ። መሰንጠቅ አለበት ለካ፤ ሁለተኛው በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይይዛል። በመጨረሻ በወንፊት የተነፋ አፈርና እበት፣ ከዚያ ኖራ። አሁን ግድግዳውን በእጃችሁ ብትዳብሱት ለስላሳ ነው፣ ክረምቱም አልፎ ምንም አልሆነም። ከኋላ በኩል ደግሞ ከተራራው የሚመጣው ውኃ ግድግዳውን እንዳይነካ በድንጋይ የተደረደረ ቦይ አወጣለት። እኔ እንደሚመስለኝ ቤቱን ከሁሉ በላይ ያዳነው ያ ቦይ ነው።

የኩላቦቹንም ነገር ልንገራችሁ፤ ግድግዳ ላይ ዕቃ የሚሰቀልባቸው የእንጨት መስቀያዎች ናቸው። የሳሎኑን አሮጌ ምርግ ከማንሣቱ በፊት በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። በመሮ ቀስ ብሎ ፈለቀቀው፤ ከግድግዳው እኩል የተቆረጠ የወይራ ኩላብ ጉቶ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ከመደቡ በላይ ዘጠኝ ኩላብ ተደርድሯል። አባቴ ሳሎን ሲያደርገው በመጋዝ አስቆርጦ አስመርጎበት ነበር ማለት ነው። በየመኝታው አንድ አንድ ኩላብ፤ ሰው አቅማዳውንና ጋቢውን የሚሰቅልበት። እናቴ መጥታ ቆማ ስታይ ቆየችና "ረስቼው ነበር፣ እኔኮ እነዚህን እየዳበስኩ ነው ሌሊት የምሄደው" አለች።

ከዘጠኙ ሁለቱ ግን ልዩ ናቸው። ከሌሎቹ ዝቅ ብለው፣ መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው ትከሻ ጋ ነው ያሉት። ውፍረታቸውም የክንድ ያህል ነው። እኔ የድሮው አናጢ ተሳስቶ የሠራቸው መስሎኝ ነበር። ጋሼ እጁን ጨበጠና፣ ጣት እንደሌለው ሰው አድርጎ፣ የአቅማዳ ማንገቻ በእጅ አንጓው ይዞ ኩላቡ ላይ እንዴት እንደሚያጠልቅ በምልክት አሳየን። ቀጭን ኩላብ ላይ እንዲህ ማጥለቅ አይቻልም። ለሥጋ ደዌ ሕሙማኑ የተሠሩ ነበሩ። እማሆይ ያዘዙት ይሁን ያኔ የሠራው አናጢ ያሰበው፣ የሚነግረን የለም። ያን ቀን ሥራ ቆመ። ማንም ሥራ ይቁም አላለም፣ ዝም ብሎ ቆመ።

በማግስቱ ጋሼ ዘጠኝ የወይራ ኩላብ ጠርቦ መጣ። ጉቶዎቹን አላወጣቸውም፤ አዲሶቹን ከጎናቸው ነው የተከለው፣ ሁለቱን ዝቅተኞች በዚያው ልክና በዚያው ውፍረት። ለዚህ ሥራ ብር አልጠየቀም፣ ስንሰጠውም አልተቀበለም።

የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ተገቢም ነው። የእኛን ዓይነት ቤት ግን ማንም መዝግቦ አይጠብቀውም። የሚጠብቀው የሚያድሰው ሰው ነው። ግድግዳውን የሚነካው ሰው ካልጠየቀ ታሪኩ በአንድ ቀን ከፍርስራሹ ጋር በጋሪ ይወጣል። የእኛም ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ያ የብረት በር ቢገጠም ኖሮ አልቆ ነበር።

ደካማ ጎኑንም ልንገራችሁ፤ አስተያየት ማለት እሱንም ይጨምራል። ሁለት ወር ብሎ አራት ወር ፈጀ። ዓርብ አይሠራም፣ ረዳቶቹ ደግሞ ክርስቲያኖች ስለሆኑ በበዓላቸው አይመጡም፤ አስቀድማችሁ አስሉት። ስልክ አያነሣም፣ በጠዋት ሄዶ በአካል ማግኘት ይሻላል። ውል በጽሑፍ የለውም፣ በቃል ነው፤ እኛ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመናል፣ እናንተ ከመጀመሪያው አድርጉት። የወጥ ቤቱ መስኮት ትንሽ ዘሟል። በውሃ ልክ ሳሳየው አምኖ አስተካክላለሁ ብሏል፣ እስካሁን ግን አልመጣም። የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ አይነካም፣ ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ዋጋው የሲሚንቶው ተቋራጭ ከወሰደብን ያንሳል። አብዛኛው ወጪ የጉልበት ነው፤ ዕቃው አፈር፣ ጭድ፣ እንጨትና ድንጋይ ስለሆነ። የቀየርነው ቆርቆሮ ብቻ ነበር ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በጭነት የመጣው፣ እሱ ነው የከበደን።

ለማሠራት ያሰባችሁ ጊዜውን ልብ በሉ። በክረምት አይነካውም፣ የበልጉም ዝናብ ከመጣ ጭቃ አይደርቅም። የእንጨቱን ሥራ ጥቅምት ላይ ጀምሩ፤ አዲሱ የጤፍ ጭድ ከአውድማ ሲወጣ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ጭቃው ይቀጥላል። ጋሼን ለመያዝ ደግሞ ከመስከረም በፊት ሂዱ። ስትሄዱ ቤቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢያቅታቸው እሱ ወደ እነሱ ይምጣ፣ ቡናም ይፈላ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለ ብር አይደለም።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿ የወጥ ቤቱ መስኮት ናት፣ ሲያስተካክላት እጨምርለታለሁ።